የትኛው ገበታ ይተካ

አሸብር መሰላሉን የሰበረው ሰኞ ጠዋት፣ ያውም ደንበኛ ፊት ነው። የመጋረጃ ነጋዴ መሰላል ላይ ካልወጣ ምን ሊሸጥ ነው? ጥቅሉን ከላይ ማውረድ፣ ዘርግቶ ማሳየት፣ "ይሄ የቱርክ ነው፣ እስኪ በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው" ማለት አለበት። ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ጣውላው ቀጭ አለና አሸብር ከነመጋረጃው ቁልቁል መጣ። ደግነቱ ያረፈው ክምር ጨርቅ ላይ ነው። ደንበኛዋ ሳቋ ቢያመልጣት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከጎኑ ያለው የምንጣፍ ነጋዴ ነስረዲን ግን ማንን ፈርቶ! መደዳው ሁሉ እስኪሰማ ሳቀ።

"ምስኪን መሰላል! ምን አድርጎህ ነው?" አለው እጁን ይዞ እያነሳው።

"አርጅቶ ነው እባክህ።"

"አንተ ወፍረህ እሱን ታማዋለህ?"

አሸብርም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ባለፈው ዓርብ ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ሐኪሙ ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ "ስኳርዎ ገና በሽታ አልሆነም፣ ግን ዳር ላይ ደርሷል። እስከ ሦስት ወር ስምንት ኪሎ ያህል ይቀንሱና እንደገና እናየዋለን። ካልሆነ መድኃኒት መጀመራችን ነው" ብሎታል። ይህን ለሚስቱ ለመቅደስ ነግሯታል። ለነስረዲን ግን አልነገረውም። እንዴት ብሎ ይንገረው? የነስረዲን አባት ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እግራቸው ተቆርጦ የሞቱት በስኳር ነው። አሸብር ራሱ ቃሬዛቸውን ተሸክሟል። ከዚያ ወዲህ ነስረዲን የዚያ በሽታ ስም ሲነሳ ፊቱ ይለዋወጣል። "ሲያልፍልኝ እነግረዋለሁ" አለ አሸብር በልቡ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ምሳ አብረው በልተዋል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ነስረዲን ሱቅ ይገባሉ፣ ያልተሸጠ ምንጣፍ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ፣ ምሳ ዕቃው ይከፈታል። አንድ ቀን ከመቅደስ ጓዳ ይመጣል፣ አንድ ቀን ከነስረዲን ሚስት። አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም ስለሆኑ ሥጋ አብረው አይበሉም፤ ስለዚህ ገበታቸው ዓመቱን በሙሉ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። "በፋሲካ ማግስት ሽሮ የሚያበላኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ!" ይላል አሸብር። "እኔስ? የእኔ ያልሆነውን ጾም ሃምሳ አምስት ቀን አብሬህ የምጾመው ለማን ብዬ ነው?" ይላል ነስረዲን። ገበታው የሚታጠፈው በረመዳን ብቻ ነው። ያኔ አሸብር ጾመኛ ፊት መብላት ያሳፍረዋልና ጓሮ ሄዶ ሁለት ሙዝ ውጦ ይመለሳል።

እንግዲህ መሰላሉ በተሰበረ ዕለት አሸብር እዚያው መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ካለ መድኃኒት ቤት ገባና የሚያከሳ ነገር ጠየቀ። ፋርማሲስቷ ሎዛ አንድ ቆርቆሮ የፕሮቲን ዱቄት አውርዳ ማስረዳት ስትጀምር ስልኩ ጮኸ። አንድ ደንበኛ የሃያ መስኮት መጋረጃ ይፈልጋል! የመርካቶ ነጋዴ በዚህ ሰዓት ምን ይሰማል? አሸብር "በቀን አንዴ" የሚለውን ብቻ ይዞ ቆርቆሮውን ብብቱ ስር ሸጎጠና እብስ አለ።

ከዚያማ በውሃ እየበጠበጠ እንደ ሳል ሽሮፕ ከምሳ በኋላ ይጠጣው ጀመር። ነስረዲን "ምንድን ነው?" ሲለው "ቪታሚን ነው" አለ። በሁለት ሳምንቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለት ኪሎ ጨምሯል። ደሙ ፈላ። ቆርቆሮውን ይዞ መድኃኒት ቤት ሄደና ጠረጴዛው ላይ ቧ አደረገው።

"ሎዛ፣ ይሄን ነገር ውሰጂልኝ! ቀንስ ብዬ ብጠጣው አፋፋኝ እኮ!"

"መቼ ነው የሚጠጡት ጋሼ አሸብር?"

"ከምሳ በኋላ ነዋ!"

ሎዛ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ መደርደሪያው ዞረች። "ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው። እርስዎ ምሳዎን በልተው በላዩ ላይ ሌላ ምሳ ጠጡበት!"

"ስብ አያቀልጥም?"

"ስብ የሚያቀልጥ ዱቄት ቢኖር እኔ ይሄን አክላለሁ?" አለች ወገቧን ይዛ። ከዚያ ወንበር ሰጠችው፤ ስልኩንም ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "አሁን ይስሙኝ። አንድ ምግብ ይወጣል፣ በሱ ቦታ ይሄ ይገባል። ፕሮቲኑ ሆድ ስለሚይዝ ቶሎ አይርብዎትም፣ በዚያ ላይ ልኩ ይታወቃል። የቀሩትን ሁለት ምግቦች ደግሞ በመጠኑ ይበላሉ፣ በእግርዎ ይሄዳሉ። ሦስቱንም በዱቄት ልተካ እንዳይሉ! ሌላ ቦታ ሲገዙም ከጀርባው ያለውን ያስነብቡ። ስኳር የተሞላ አለ፤ ጭራሽ ለማወፈር የተሠራም አለ። ለሐኪምዎም ይንገሩት። ለመሆኑ ይጾማሉ?"

"እንዴታ!"

"ይሄኛው ከወተት ነው የሚሠራው።"

አሸብር ክው አለ። ለካ አራት የጾም ቀን ወተት ሲጠጣ ከርሟል! "የንስሐ አባቴን ምን ልላቸው ነው?" አለ ግንባሩን ይዞ። ሎዛ ከአተር የተሠራ ሌላ ቆርቆሮ አወረደችለት። እሱም በማርከር አንዱ ላይ "የፍስክ"፣ ሌላው ላይ "የጾም" ብሎ ጻፈ።

"እሺ፣ የቱን ምግብ ልተካ?"

"እሱን እርስዎ ያውቃሉ። ሳያስመርርዎት የሚዘልቁበትን።"

"ምሳን" አለ አሸብር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "እኔን የሚያፋፋኝ ምሳ ነው።" ለምን በጨው አጥቦ እንዳልን ትንሽ ቆይቶ ይወጣል።

በማግስቱ ነስረዲን ምሳውን ሲከፍት አሸብር ክዳን ያለው ጠርሙስ ይዞ መጣና ቸክ ቸክ፣ ቸክ ቸክ ያደርገው ጀመር። "እኔ በዚህ ነኝ" አለ።

"ቪታሚኑን ጠጣና ና ብላ።"

"አይ፣ ምሳዬ ይሄ ነው። ቦርጩን ላስተካክል ብዬ ነው።"

ነስረዲን የመጀመሪያውን ቀን ሳቀ። በሁለተኛው ቀን "አንዲት ጉርሻ፣ በሞቴ!" አለ፤ አሸብር እጁን በቀስታ መለሰው። በሦስተኛው ቀን ነስረዲን ብቻውን ሁለቴ ጎረሰና ክዳኑን ገጠመው። በሳምንቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲል ሱቁን ገርበብ አድርጎ ወጣ። አሸብር ጠርሙሱን እንደያዘ በር ላይ ቀረ። ያን ቀን ያ ዱቄት ጭቃ ጭቃ አለው።

የመርካቶ መደዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። አንዱ "ግድግዳ ገፍቶት ነው" አለ፣ ሌላው "ደንበኛ ነጥቆት ነው" አለ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች ገበታ የለዩት በከንቱ ነው ብሎ ማን ያምናል? ነስረዲን ራሱ "ምን በደልኩት?" እያለ ሲብሰለሰል ሰነበተ። ሰላምታው ተቆጥቦ "እንዴት አደርክ" ብቻ ሆነ። አሸብርም ልናገር ይልና መልሶ ይተወዋል።

በመጨረሻ ጋሼ ጓንጉል ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ጋሼ ጓንጉል ቁልፍና ክር የሚሸጡ፣ የመደዳው ታላቅ፣ ስንቱን ሸሪክ ያስታረቁ ሰው ናቸው። በምሳ ሰዓት ሁለቱን ነስረዲን ሱቅ አስቀመጡና ጠርሙሱን መሀል ላይ አቆሙት።

"ሽምግልና ስቀመጥ አርባ ዓመቴ ነው" አሉ። "በሚጠጣ ነገር ያጣላሁ... ያስታረቅሁ ስንት አለ። በጠላም፣ በአረቄም። በዱቄት ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። በል ነስረዲን፣ አንተ ጀምር።"

"ጋሼ፣ እኔ ምን እላለሁ" አለ ነስረዲን። "ሰው ከመሬት ተነስቶ ገበታ አይለይም። የሚስቴ እጅ አስጠልቶት ከሆነ ይንገረኝ። እኔ አስቀይሜው ከሆነም ይንገረኝ። ብቻዬን እየበላሁ ምግቡ አልወርድ አለኝ።"

አሸብር ከዚህ በላይ አልቻለም። "ሐኪሙ ስኳር ሊይዝህ ነው ብሎኝ ነው!" አለ ጮክ ብሎ። "ቀንስ ብሎኝ ነው። የአባትህ ነገር እንዳይቀሰቀስብህ ብዬ ነው የደበቅኩህ።"

ነስረዲን ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ ቀጥሎ አሸብርን ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው። "አንተ! ለኔ ሳትነግር! እኔ አይደለሁ የዚያን በሽታ ጠባይ የማውቀው? ለማን ልትነግር ነው ታዲያ?" አለና ጥምጥም አለበት። ጋሼ ጓንጉል ፊታቸውን ወደ ምንጣፎቹ አዙረው ተናፈጡ።

"እንግዲያው ነገሩ ቀሏል" አሉ ሲመለሱ። "አንድ ምግብ ይተካ ተብሏል። ምሳ የሁለታችሁ ነው፣ አይነካም፤ እንጀራውን ግን ታሳንሳለህ። እራትህን ተካ።"

"እራትን መቅደስ..." አሸብር ሳይጨርስ ጋሼ ጓንጉል ደውለው ስፒከር ላይ አደረጓት።

"እራት?" አለች መቅደስ ከስልኩ ወዲያ ማዶ። "ኧረ ጋሼ፣ በእግዜር! ልጆቹ አባታቸውን የሚያዩት እኮ እራት ላይ ብቻ ነው። እራትማ አይሆንም።"

"በይ እሺ፤ ቁርሱን ይተካ።"

"ቁርስ? እሱ መቼ ቁርስ በልቶ ያውቃል? 'ጠዋት ምግብ አያሰኘኝም' ብሎ ባዶ ሆዱን ነው የሚወጣው፣ አንጀቴን እየበላው!"

አሸብር ጣሪያውን ያይ ጀመር። ነስረዲን አሸብርን አየ። ጋሼ ጓንጉል ሁለቱንም አዩ።

"አሸብር" አሉ ጋሼ ጓንጉል በለሆሳስ፣ "ራጉኤል አጠገብ ካለው ቁርስ ቤት ጠዋት ጠዋት ጥግ ላይ ዞሮ የሚበላው ሰው አንተን ይመስለኝ ነበር።"

"እ... አንዳንዴ..."

"ሁለት ስፔሻል ፉል" አሉ ጋሼ ጓንጉል። "ከአራት ዳቦ ጋር። ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው የማላየው።"

ስልኩ ውስጥ መጀመሪያ የመቅደስ ጩኸት፣ ቀጥሎ ሳቋ ተሰማ። ነስረዲን ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። "ሁለት ፉል! ሁለት ፉል በልቶ የእኔን ጎመን ይከሳል!" አሸብር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ፤ ግን ሳቁ ተጋባበትና እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳያየው ብቻውን የሚበላው ምግብ ነው ጉድ ሲሠራው የኖረ። ፍርዱ እዚያው ተሰጠ፤ ቁርስ ይተካ። ጋሼ ጓንጉልም እንደ ካሳ ከምሳው ጎረሱ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሸብር መዝጊያውን ሳይከፍት ጠርሙሱን መበጥበጥ ሲጀምር ከጎኑ ሌላ ቸክ ቸክ ሰማ። ነስረዲን ነው፤ ጠርሙስ ይዞ!

"አንተ ደግሞ ምንህን ልትቀንስ ነው?" አለው፤ ነስረዲን ቀበቶው ራሱ ሁለቴ የሚዞርበት ቀጭን ሰው ነውና።

"የእኔ በሶ ነው። ብቻህን ከተተውክ ፉል ቤት ትገባለህ፤ አላምንህም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በተዘጋ መዝጊያ ፊት ቆመው ሲበጠብጡ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ "ዛሬም ሙዚቃው ተጀመረ!" እያሉ ያልፉ ነበር። ቁርሱ ካለቀ በኋላ ዕቃ እስኪደርስ ድረስ ራጉኤልን ዞረው ይመለሳሉ። ፉል ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ነስረዲን የአሸብርን ክንድ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

ቀጠሮው ደረሰ። ቅዳሜ ነበር፤ ገበያ የሚደራበት ቅዳሜ። ሁለቱም ሱቃቸውን ዘጉና አብረው ሄዱ። ሐኪሙ ሚዛኑን አየ፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት አየ፣ እንደገና አየ።

"ሰባት ኪሎ ወርደዋል። ስኳሩም ወደ ጤናው ልክ ተመልሷል፤ መድኃኒት አያስፈልግዎትም። በዚሁ ይቀጥሉ" አለ።

አሸብር "ተመስገን!" ብሎ ሊነሳ ሲል ነስረዲን ወንበሩ ላይ ወደፊት ተስቦ "ዶክተር፣ እስኪ ይድገሙልኝ" አለ። ሐኪሙ ደገመው። "አንድ ጊዜ ብቻ" አለ ነስረዲን። ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ አሁንም ደገመው።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ ነስረዲን፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ፣ ፊቱ ግን በሳቅ ተሞልቶ። "አባቴን ይዤ እንዲህ ካለ ክፍል ስንትና ስንት ጊዜ ገብቻለሁ። ደስ ብሎኝ የወጣሁበት አንድም ቀን የለም።"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። አሸብር የነስረዲንን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ሐኪሙም ማንም ሳይጠይቀው፣ ቀስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ነገራቸው።