ከእትዬ የሚሸሸው አውቶቡስ

ሁለት ክረምት ሙሉ ያንን መንገድ ስረግመው ኖሬያለሁ። የቤታችንን ደጅ ቆፍረው ትተውት ሲሄዱ፣ የውሃ ቱቦ ሲበጥሱ፣ አቧራው በተዘጋ መስኮት ገብቶ አልጋዬ ላይ ሲተኛ፣ «ይህ ልማት ሳይሆን ወረራ ነው!» እያልኩ በየስብሰባው ተነስቻለሁ። ጠበቃ ነኝ፤ መናገር ሥራዬ ነው። የሰፈሩ ሰው «ጠበቃ ሳይሆን ጠበኛ» እያለ እንደሚያማኝም አውቃለሁ። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ፣ «መንገዱ ቢያልቅ እንኳን አውቶቡሱን በእግሬ አልረግጠውም» ብዬ ማልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እትዬ ግን አልማለችም። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። በከተማው ማዶ ባለ ትልቅ የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። ከደረጃ ወድቃ እግሮቿ ከከዷት ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። እዚያ ስፌት ቤት የሰው ልብስ ስትለካ ስትቆርጥ የኖረች ሴት፣ ከግቢያችን ለመውጣት የኔን ክንድ የምትጠብቅ ሆነች። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፍርድ ቤት ነኝ። ታክሲ ስናስቆም ሹፌሩ ወንበሯን አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ስንቱን ሹፌር ከኋላው እንደ ሰደብኩት አንድዬ ይወቀው።

መንገዱ አልቆ አዲሶቹ አውቶቡሶች መመላለስ በጀመሩ ሰሞን፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት ለእትዬ ደወለች።

«ቆራጬ ልትለቅብኝ ነው። ቦታሽ ያውልሽ፤ ያንቺን እጅ የሚተካ አላገኘሁም። ግን እውነቱን ንገሪኝ፤ በየቀኑ በሰዓቱ መድረስ ትችያለሽ? ካልሆነ ሰኞ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

«ሰኞ ጠዋት እኔ ነኝ የምገባው» አለች እትዬ፤ ስልኩንም ዘጋች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «በአውቶቡሱ እሄዳለሁ።»

«እኔ አደርስሻለሁ እትዬ።»

«አንተ እኔን ስታደርስ ደንበኛህ ይታሰራል። ደግሞ የምሄደው ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ነው እንዴ ብለው ይሳቁብኝ?»

ረቡዕ ለሙከራ ወጣን። እውነቱን ለመናገር አፌን ያዘኝ። የእግረኛው መንገድ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል። መሻገሪያው ጋ ጠርዙ ተጋድሞ ከአስፋልቱ ጋር ገጥሟል። እትዬ ጎማዋን በገዛ እጇ እያሽከረከረች ቀድማኝ ሄደች፤ ከወደቀች ወዲህ ስትቀድመኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ጠበቃው፣ እግርህን አንሳ!» ትለኛለች። አውቶቡስ የሚጠበቅበት መድረክ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል እንዲሆን ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ መውጫውም ደረጃ ሳይሆን ተዳፋት ነው። ያለማንም እርዳታ ወጣች።

አውቶቡሱ መጣ፣ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። በመድረኩና በበሩ መካከል ግን ክንድ የሚያህል ክፍተት ቀረ። ለኔ አንድ እርምጃ ነው፤ ለወንበሯ የፊት ጎማ ገደል ነው።

ሹፌሩ ሸምገል ያለ፣ ፊቱ የዋህ ሰው ነበር። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ተሸክመን እናስገባዎት?» አለ።

«ዛሬ ትሸከሙኛላችሁ። ነገስ? ከነገ ወዲያስ? ጆንያ አይደለሁም ወንድሜ፤ ሠራተኛ ነኝ።»

ቀጣዩም መጣ፤ ራቅ ብሎ ቆመ። ከሱ በኋላ የመጣውም እንዲሁ።

«እነዚህ ሰዎች ከኔ የሚጋባባቸው በሽታ አለ እንዴ?» አለች እየሳቀች። ጎማውን የጨበጡት ጣቶቿን ግን ነጥተው አየኋቸው።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ መንገዱ ጫፍ ላይ ወዳለው የፕሮጀክቱ ቢሮ ገሰገስኩ። ቢሮ ማለቴ ኮንቴይነር ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ፕላን፣ ወለሉ ሙሉ የደረቀ ጭቃ። መሐንዲሷ ልጄ የምትሆን፣ ጭቃ የጠጣ ቦቲ ያጠለቀች ሴት ናት። የራስ ቁሯን ገልብጣ ቁልፍና እርሳስ አስቀምጣበታለች።

«ሁለት ዓመት አቧራ አቃማችሁን! ይህን ሁሉ ድንጋይ ፈልጣችሁ፣ ይህን ሁሉ አስፋልት አንጥፋችሁ፣ አንዲት ክንድ አነሰቻችሁ? እህቴ ደጃችሁ ላይ ትቅር?» አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ። ደም ሥሬ ተገትሮ እንደነበር በኋላ መሐንዲሷ ስትነግረኝ ስቄያለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም።

መሐንዲሷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ጨረሱ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው እየሄድን ይጨርሱልኝ» አለችና መለኪያ ሜትሯን አንስታ ወጣች።

እትዬ መድረኩ ላይ ትጠብቀን ነበር። መሐንዲሷ ተንበርክካ ቁመቱን ለካች፣ ጠርዙን ለካች፣ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «መድረኩ ልክ ነው። አውቶቡሱም ልክ ነው። ሹፌሮቹን ስናለማምድ ሁሉም አጠገቡ ድረስ ተጠግተው ነው የቆሙት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ይህን ስትል ያ ሸምገል ያለው ሹፌር መጣ፤ እንደገና ክንድ ያህል ርቆ ቆመ።

«አባቴ፣ ለምን አይጠጉም?» አለችው መሐንዲሷ።

«ተጠግቻለሁ እኮ!» አለና ወረደ። ክፍተቱን ሲያይ እጁን በአፉ ጫነ። ጎንበስ ብሎ ከመድረኩ ሥር ያለውን መሬት በጣቱ አሳየ። «እዚህ ቦይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«የቱ ቦይ?»

«ድሮ ነዋ፤ እናንተ ሳትሠሩት በፊት። ክረምት ላይ ተጠግተህ ከቆምክ ጭቃ ውሃው የሚጠብቀው ሰው ላይ ይረጫል። አንድ ቀን ነጭ የለበሰች ነርስ ላይ ረጨሁባት፤ ከራሷ እስከ እግሯ። አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ካየሁ እጄ ራሱ መሪውን ያርቃል። ለአዲሶቹም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው፤ ሰው ካከበርክ ራቅ ብለህ ቁም እላቸዋለሁ።»

መሐንዲሷ ግንባሯን መታች። «ስናለማምዳችሁ መድረኩ ላይ ሰው አልነበረም!»

«አዎን። ለማን ብዬ ልራቅ?» አለ ሹፌሩ። «ቦዩ ከመሬት ተደፍኗል፤ ከእጄ ግን አልተደፈነም።»

ለክስ የሚሆን ወንጀለኛ አጣሁ። ስንፍና ቢሆን አውቅበታለሁ፤ ንቀት ቢሆን አሳያቸው ነበር። ጨዋነትን በምን አንቀጽ ትከሰዋለህ? ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነልኝምና፣ «ታዲያ ሰኞ እህቴ በምን ትሂድ?» ብዬ ጮህኩ።

«ከሰኞ በፊት እሑድ አለ» አለች መሐንዲሷ።

ቅዳሜ ሠራተኞቿ የመድረኩን ጠርዝ በወፍራም ላስቲክ ሸፈኑት፤ ጎማ ቢነካው ጎማውም መድረኩም እንዳይጎዱ። እሑድ ሹፌሮቹ ተሰበሰቡ። ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሼ መድረኩን በሰው ሞላሁት፤ ጩኸቴ ለአንድ ቀን እንኳን ጠቀመ። እትዬ ከፊት፣ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች።

ሽማግሌው ሹፌር መጣ፤ ሸሸ።

«ገና ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንተ ዝም በል፤ ሰውየውን አታስደንግጠው» አለችኝ እትዬ። ለሹፌሩ እጇን ዘረጋች። «ወደኔ ይምጡ ወንድሜ። ቀሚሴ ታጥቦ የሚደርቅ ነው!»

ዞሮ መጣ። ቀረበ። አሁንም ትንሽ ክፍተት ቀረ። እንደገና ዞረ። በስተመጨረሻ ጎማው ላስቲኩን ታክኮ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ አሰማ፤ ክፍተቱ ጠፋ። እትዬ ጎማዋን ገፋ አድርጋ ገባች፤ ዞራ ወጣች፤ ደግማ ገባች። ሰዉ አጨበጨበ።

«አልረጨሁም?» አለ ሹፌሩ ከመሪው ላይ ዞሮ።

እትዬ ቀሚሷን ገልበጥበጥ አድርጋ አየች። «ጠብታም የለበት! ዕድሜ ይስጥዎ።»

ሌሎቹም በተራ እንዲሁ እስኪለምዱ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ሰኞ ጠዋት መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እንዳትከተለኝ» ብላኝ ብቻዋን ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ ሄደች። ቀጣዩ አውቶቡስ ወዲያው መጣ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ የሽማግሌው ተማሪ። ጎማው ላስቲኩን ታከከ። መሐላዬ ትዝ አለኝ፤ ረገጥኩትና ገባሁ።

ከተማውን አቋርጠን ስፌት ቤቱ ጋ ስወርድ እትዬ በር ላይ ደርሳለች። የስፌት ቤቱ ባለቤት በሩን ይዛላት ቆማለች። በበሩ መስታወት ውስጥ አየችኝ መሰለኝ፣ ሳትዞር፣ «ጠበቃው፣ ደንበኛህ ታሰረ!» ብላ እየሳቀች ገባች።

ስመለስ ከፍርድ ቤት በፊት ኮንቴይነሩ ጋ ወረድኩ። መሐንዲሷ ፕላን ላይ አጎንብሳለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለ?» አለች ቀና ሳትል።

«ምንም» አልኩ። ቃሉ እንደ መንጋጋ ጥርስ ነው የተነቀለው። «ምንም አልጎደለም። እህቴ ሥራዋ ገብታለች። ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ አንቺንም፣ ሹፌሩንም፣ ድንጋይ የፈለጡትንም።»

እርሳሷን አስቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት። «ጨረሱ?»

«አልጨረስኩም» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።