የእናቷ ማድቤት ክዳን

ግንበኞቹ «ወይዘሪት አቧራ» ይሏታል። የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ናት፤ ግቢ ስትገባ ዐይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው ሰው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ስሙን ሰምታዋለች፣ ቅር ግን አላላትም። «ስታስሉ ከምሰማ ስትስቁብኝ ብሰማ ይሻለኛል» ትላቸዋለች።

አንድ ማለዳ የሚፈርስ አሮጌ መጋዘን ልታይ ሄደች። ገና ከበሩ ሳትደርስ የስብርባሪ ድምፅ ተቀበላት። ሠራተኞቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ግራጫውን የአስቤስቶስ ክዳን በመዶሻ እየነቀሉ ቁልቁል ይወረውሩታል። መሬት ሲደርስ እንክትክቱ ይወጣል፤ ብናኙ እንደ ዱቄት ይቦናል። አፉን በመሐረብ እንኳ የሸፈነ የለም። ከሥር ቆሞ «ቶሎ ቶሎ በሉ!» የሚለው ተቋራጭ ደግሞ አጎቷ ነው። የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ሆኖ ያስተማራት ሰው።

«ሥራ ይቁም!» አለች። መዶሻው ሁሉ ጸጥ አለ።

አጎቷ ፊቱ በራ። «እሰይ፣ የኔ ልጅ ናት እንዴ! እኔ ደግሞ ማን መጣብን ብዬ።»

«እኔው ነኝ የመጣሁብዎት፣ ጋሼ። ደንቡን ያውቁታል። ይህ ክዳን በውሃ ይርሳል፣ ሳይሰበር ይወርዳል፣ በላስቲክ ይጠቀለላል። ሠራተኛው ሠልጥኖ፣ ጭምብል አድርጎ ነው የሚነካው። ብናኙ ሳንባ ከገባ አይወጣም፤ ዓመታት ቆይቶ ነው ሰው የሚገድለው።»

«ዕድሜ ልኬን ስከድንበት ኖሬ የለ? ይኸው እንደ በሬ ጠንካራ ነኝ!»

«እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። እነዚህን ሰዎች ግን በእርስዎ ዕድል ተማምኜ ጣሪያ ላይ አልሰቅላቸውም።»

ከላይ አንዱ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። አጎቷ እጇን ይዞ ገለል አደረጋትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ? ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» አላት።

እሷ ግን አላመነታችም። «አዎ ጋሼ፣ ለዚህ ነው።»

ከዚያ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ግማሹ ባዶ ነው፤ መሬት ላይ ያለው ስብርባሪ ግን ያን ያህል አይደለም። «የቀረውስ የት ገባ? አሮጌ አስቤስቶስ ለሰው መሸጥም ሆነ መስጠት ክልክል ነው።»

አጎቷ ራሱን አከከ። «አልሸጥኩትም። ደህና ደህናውን መርጬ ለእናትሽ ሰጠኋት። ማድቤቷ ሲያፈስባት ከርሞ የለ?»

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። «በሉ ይነሱ፣ አብረን እንሄዳለን» አለችው።

እናቷን ያገኟት ማድቤቷን ስትጠርግ ነበር። ክዳኑን በመጋዝ ቆርጠው የገጠሙት በዚያው ማድቤት ውስጥ ኖሯል፤ ብናኙ ምድጃውንም ድስቱንም አልብሶታል። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለች፣ መጥረጊያዋን ወደ ጣሪያው ቀስራ።

«እማዬ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪና ውጪ! በደረቁ አይጠረግም። ክዳኑም ይወርዳል።»

«ምነው ልጄ? በገዛ ቤቴ ደግሞ መንግሥት ሆንሽብኝ?»

«ለሰው ሁሉ መንግሥት ሆኜ ላንቺ ብቻ ልጅ ብሆን ማን ያምነኛል? ይህ ብናኝ ሰው ይገድላል፣ እማዬ። እኔ ደግሞ ያለችኝ እናት አንቺ ብቻ ነሽ።»

እናቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ! እያወቅህ ነው?»

እሱ የሚያየው የእህቱን ጥቁር ሻሽ ነበር። ሻሹ ነጭ ሆኗል። ዘመኑን ሁሉ በሠራተኞቹ ትከሻ ላይ እያየ ያላየው ብናኝ እህቱ ራስ ላይ ሲያርፍ ታየው። «የቢሮ ሰው ወሬ መስሎኝ ነው፣ እታለም» አለ በመጨረሻ። ወደ ደጅ አወጣትና ጨርቅ በውሃ ነክሮ ትከሻዋን በገዛ እጁ ያብስላት ጀመር።

ልጅቱ ለአለቃዋ ተቋራጩ አጎቷ መሆኑን ሳትደብቅ ነገረችው። ጉዳዩን ሌላ ተቆጣጣሪ ያዘው፤ ቅጣቱም ለአጎቷ አልቀረለትም። አጎቷ አኮረፈ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሠራተኞቹን አስከትሎ ሥልጠና ገባ። የሠለጠነ ቡድን የማድቤቱን ክዳን አርሶ አወረደው፤ ቤቱንም በእርጥቡ አጽድቶ አስረከበ። መጋዘኑ ላይ የቀረውን ደግሞ የአጎቷ ሠራተኞች ራሳቸው ጭምብል አጥልቀው፣ እንደ እንቁላል እየተቀባበሉ አወረዱት። አንዲትም አልተሰበረች።

ማድቤቱን አጎቷ በአዲስ ቆርቆሮ ከደነው። የመጀመሪያው ዝናብ የወረደ ዕለት ሦስቱም እዚያው ነበሩ። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ያስተጋባል።

«ያኛው እንዲህ አይጮህም ነበር!» አለች እናቷ እየጮኸች።

«አዎ እታለም፣ ያኛው ዝም ብሎ ነው የሚገድለው!» አለ ወንድሟ፣ ከእሷ ብሶ እየጮኸ።

እናቲቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልጅቱ ወንበሯን ወደ ምድጃው አስጠግታ እናቷ ያቀረበችላትን የምግብ ሳህን ተቀበለች።