አራስ ጠያቂው ግዛቸው

ግዛቸው አይስላንድ እሄዳለሁ ሲል መጀመሪያ የሳቀበት ጓደኛው መኳንንት ነው። ሁለቱም ዳላስ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ ሾፌሮች ናቸው፤ ተራ እስኪደርሳቸው መኪናቸውን ጎን ለጎን ፓርክ አድርገው በመስኮት ሲጨዋወቱ ይውላሉ።

«በኅዳር? አይስላንድ? ሰው በዚህ ጊዜ ከዚያ ይሸሻል እንጂ ይሄዳል?»

«ፅዮን ወልዳለች።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት! ግን አንተ ሄደህ ምን ልትፈይድላት ነው? አራስ ቤት የወንድ ነው እንዴ?»

ይቺ ነገር ከነከነችው። ሚስቱ ውድነሽ ብትኖር ኖሮ ማን እሱን ይጠይቀው ነበር? የገንፎውን ዱቄት፣ የአጥሚቱን እህል ጠቅልላ እሷ ነበረች የምትበረው። ምን ዋጋ አለው፣ ውድነሽ ካረፈች ሦስት ዓመቷ። ፅዮን ደግሞ አንዲት ልጃቸው ናት፤ እዚያው ዳላስ አጠገብ ሮውሌት አድጋ፣ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ ስትማር ያገኘችውን አርናር የሚባል አይስላንዳዊ አግብታ አገሩ ገባች። «አባዬ፣ አትቸገር፤ ማለቴ፣ እዚህ ሁሉም ነገር አለ» ብላዋለች በስልክ። እናት ለሌላት አራስ ሁሉም ነገር አለ ይባላል እንዴ! ግዛቸው ትኬቱን ቆረጠ። ይችልበት እንደሆነ አያውቅም፤ ልጁ ጠያቂ የሌላት አራስ እንዳትሆን ብቻ ነበር የፈለገው።

እዚያ ሲደርስ ረፋድ ሆኖ እንኳ አልነጋም፤ ኧረ ምን ዓይነት አገር ነው! ጃኬቱ ለቴክሳስ ብርድ የተገዛ ነው፣ እዚህ ከነጠላ አይሻልም። ቁመተ ረጅሙ፣ ዝምተኛው አርናር ሻንጣውን ተሸከመለት። ፅዮን በር ላይ አቅፋ ሳመችውና ሕፃኗን ዜማን አስታቀፈችው። ፅዮን እንዴት እንደከሳች ያን ጊዜ አስተዋለ።

በዚያው ቀን ገንፎ ሊሠራ ተነሳ። ሮውሌት ያለችው ጎረቤቱ አይናዲስ በቪዲዮ «አማስል፣ እጅህን አትፍታ!» እያለች ብትጮህበትም ጓጎለ። ፅዮን ሁለት ማንኪያ ጎረሰችና «ኦኬ ነው፣ አባዬ» ብላ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ኦኬ የምትለው ምን ሲሆን እንደሆነ አባቷ አሳምሮ ያውቃል።

በማግስቱ አርናር ሕፃኗን በሱፍ ጠቅልሎ ጋሪዋ ውስጥ አስተኛትና፣ ጋሪውን እየገፋ ወደ ጓሮ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ግዛቸው በመስኮት ቢያይ ጋሪው በረንዳ ላይ ቆሟል፤ ከበረንዳው ወዲያ መሬቱ በሙሉ በረዶ ነው።

«የማርያም ያለህ!» በካልሲው ሮጦ ወጣ፣ ልጅቷን መንጭቆ አንስቶ ገባ። ዜማ ከእንቅልፏ ባንና ቤቱን በለቅሶ ሞላችው። ፅዮን ከመኝታ ክፍሏ እየተደናበረች ወጣች።

«ምን አደረግህ፣ አባዬ?»

«ባልሽ ልጁን በረዶ ላይ ረስቷት ገባ!»

«አልረሳም! እዚህ ቤቢ ውጭ ነው የሚተኛው። ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። በደንብ ለብሳለች፣ ምንም አትሆንም።»

«አራስ ልጅ ብቻዋን? ክርስትና እንኳ ሳትነሳ? እናትሽ አንቺን ለአፍታ ብቻሽን ትታሽ አታውቅም! ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ እኔን አጠገብሽ አስቀምጣ ነው!»

«እማዬ የለችም!» አለች ፅዮን። «የለችም፣ ኦኬ? ሶ፣ እኔ በማውቀው ነው የማሳድጋት። እሷ ስትተኛ ነው እኔ የምተኛው። አሁን ቀሰቀስካት።» ልጇን ከእጁ ተቀብላ፣ እንባዋን እየጠረገች ገባችና በሩን ዘጋችው።

ግዛቸው ወጥ ቤት ሄዶ ተቀመጠ። ውቅያኖስ ተሻግሮ የመጣው አራስ ለማስለቀስ ነው? መኳንንት እውነቱን ነበር። ቤቱ ቢመለስ ይሻላል፤ እዚህ ለማንም አልጠቀመ።

ይህን ሲያስብ፣ አርናር የጠባችውን ዜማን እንደገና አልብሶ አወጣትና ተመልሶ ገባ። በግዛቸው በኩል ሲያልፍ እንደ ማፈር ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገ። አሁን ምን ይደረጋል? ልጅቷን ማስገባት አይቻልም፣ የእናቷ ቃል ነው። ብቻዋን መተው ደግሞ ነፍሱ እሺ አይለውም። ጃኬቱን ደረበ፣ የአርናርን ጓንት አጠለቀ፣ የወጥ ቤቱን ወንበር አንጠልጥሎ ወጣና ከጋሪው አጠገብ ተቀመጠ።

ዜማ ጉንጯ ቀልቶ ለጥ ብላለች። ለካ እሷ የአገሩ ሰው ናት፤ የሚንቀጠቀጠው አያትየው ብቻ ነው! «ባባትሽ አገር እንዲህ ነው አሉ፣ ይሁን» አላት በሹክሹክታ። «ብቻሽን ግን አይደለሽም።» እግሩ ደነዘዘ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

መሸትሸት ሲል ፅዮን ፀጉሯ እንደተንጨባረረ፣ ብርድ ልብስ ይዛ ወጣች።

«ምንም አልነካሁም!» አለ ግዛቸው ቶሎ ብሎ። «ጋሪውንም አልነካሁ። ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

«አውቃለሁ። በመስኮት አየሁህ።» ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት። «አንተን አይቼ ነው የተኛሁት። ከወለድኩ ጀምሮ ስተኛ ራሱ ጆሮዬ ውጭ ነው፤ ዛሬ ግን... ጭልጥ አልኩ፣ አባዬ።»

ፅዮን ከወንበሩ ጎን ቁጢጥ ብላ ራሷን ጉልበቱ ላይ አስደገፈች።

«እማዬ ናፈቀችኝ» አለች።

ውድነሽ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ እንዲህ ተባብለው አያውቁም ነበር።

«እኔም ናፍቃኛለች፣ ልጄ። በጣም።» ጓንቱን አውልቆ ፀጉሯን ዳሰሳት። «በይ አሁን ግቢ፣ አራስ ነሽ፣ ብርድ ይመታሻል! ግቢ እኮ ነው የምልሽ!» አላት እያለቀሰ።

አልገባችም። ከብርድ ልብሱ ግማሹን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ እዚያው አጠገቡ ተቀመጠች።