በሁለት ቀን ረም የተለወጠ ተራ

ዊልፍ ሆኪንግ ከመንግሥት ቢሮ የመጣውን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ አንብቦ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እነዚህ ሰዎች ሊገድሉኝ ነው» አለ። «ምስክር አምጡ አሉ፣ ሰጠን። አሁን ደግሞ ሰው ቁጠሩ ይሉናል።»

ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ቤሪል ታፐር ብስኩቷን ሻይ ውስጥ ነከረች። ባሏ ዴዝመንድ በደም ካንሰር ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1958 መንግሥት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የኑክሌር ቦምቡን ሲሞክር፣ ሁለቱ ወንዶች የአንድ መርከብ ልጆች ነበሩ። ቤሪል የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የባሏ ስም የቦምቡ ብልጭታ ካገኛቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ። ቢሮው ግን «ባለቤትዎ የዚያን ቀን ታች ድንች መጋዘን ውስጥ ነበሩ» ብሎ ድርቅ ብሏል።

«አምስት ደብዳቤ ጻፍኩ» አለች። «አምስቴም ድንች።»

«ድንችስ ጭንቅላታቸው ነው።»

«ስድቡን ተወውና መልሱን ስጠኝ።»

ዊልፍ ባለፈው ወር «ዴዝመንድ ከላይ ወለሉ ላይ፣ አጠገቤ ነበር» ብሎ ፈርሞ ልኮላቸው ነበር። የመጣው መልስ አጭር ነው። የመርከቧ ላይኛው ወለል ላይ የተቆጠሩት አርባ ሰዎች ናቸው፤ መዝገቡ ላይ ያሉትም አርባ። አቶ ታፐር ከነበሩ፣ ከአርባዎቹ ማን አልነበረም?

ጥያቄው ዊልፍን ያናደደው መልሱን ስለሚያውቅ ነው። በዚያ ዘመን መርከበኛ እኩለ ቀን ላይ አንድ ብርጭቆ ረም የሚባል አረቄ ይሰጠው ነበር፤ ውለታ የሚከፈለውም የሥራ ተራ የሚለወጠውም በእሷ ነው። መኮንን እንዳይሰማ ደግሞ ማንም አይጽፈውም። መዝገቡ ዊልፍን ከላይ፣ ዴዝመንድን ከታች እንዳደረገ ሃምሳ ዓመት ኖረ።

ዊልፍም ኖረበት። በየኅዳሩ የወታደሮች መታሰቢያ ቀን ፕሊመዝ ከተማ የመርከበኞች ክበብ ውስጥ ቆሞ ይናገራል። ለቦምቡ ጀርባውን ሰጥቶ እንደተቀመጠ፣ በተከደነ ዓይኑ የገዛ ጣቶቹን አጥንት እንዳየ፣ ጀርባውን የምድጃ በር የተከፈተበት ያህል እንደለበለበው። ሰው ያጨበጭባል፣ ቢራ ይጋብዘዋል። ቃሉ ሁሉ ግን ዴዝመንድ የዚያን ዕለት እየተንቀጠቀጠ የነገረው ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ውሸት እያደር ከብዶ የሰውዬውን ወገብ ሊሰብረው ምንም አልቀረው።

«ለዴዝመንድ ራሴን አሞኛል አልኩት» አለ በመጨረሻ፣ ቤሪልን ሳያይ። «ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነበር። የሁለት ቀን ረሜን ሰጥቼው ተራ ተለዋወጥን። ድንቹ መሀል ጆሮዬን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

ቤሪል ብስኩቷን አኝካ ጨረሰች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«በተጋባን ዓመት ነገረኝ። ‹ዊልፍን እንዳትነኪው፣ እኔም ማየት ፈልጌ ነበር› አለኝ። አንተ ደረቅ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው ይኼን ሁሉ የጠበቅኩት። አሁን ሰባ ዓመት ሞላኝ። ታከተኝ።»

«ታዲያ በየዓመቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ስትሰሚኝ እንዴት አስቻለሽ?»

ቤሪል እስክሪብቶውን ወደ እሱ ገፋችው። ዊልፍ እውነቱን ጻፈ። ሁለት ወረቀት አበላሸ፣ በሁለቱም ላይ ተሳደበ፤ ሦስተኛው ላይ ስሙን ፈረመ። አፍሮ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

እሷ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለመሄድ ግን አልተነሳችም።

«ከእንግዲህ ክበቡ ውስጥ አትናገረውም መቼም» አለች።

«በምን ፊቴ?»

«እንግዲያው አሁን ንገረኝ።»

ዊልፍ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዴዝመንድ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ...»

«እንደሱ አይደለም» አለች ቤሪል፤ እንባዋ መጥቶ ነበር፣ ተቆጣችው። «እንደ ሁልጊዜው፣ ልክ እሱ ይለው እንደነበረው። ‹ዓይኔን በመዳፌ ከደንኩ› ብለህ ጀምር።»