ዓይኑ የጠፋ ስልክ

ጦርነቱ ካርቱም ያለውን ኮሌጃችንን ከዘጋው ወዲህ የሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከጎንደር ተሰደው የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ በጠረፏ ከተማ በገላባት በኩል ለአጨዳ የሚሻገሩት ሠራተኞች ስልካቸው ሲበላሽ “የኛ ልጅ” እያሉ ወደ እኔ ይመጣሉ። በጦርነቱ በሁለተኛው ዓመት ግን የመጡት ጥቂት ነበሩ። ዱራ የሚባለው ማሽላ ከገበያ ጠፍቶ፣ ከካርቱም የሸሸው ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ለአንድ ጭልፋ ገንፎ ተሰልፎ ይውል ነበር።

አያ አስናቀው የመጡት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከመተማ የሚመጡ አጫጆች አለቃ ናቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ስልክ ፈትተው ፊቴ አስቀመጡ።

“ዓይኑ ጠፍቷል” አሉኝ። “አንተ የኮሌጅ ልጅ፣ ዓይን ታበራለህ ሲሉ ሰማሁ።”

“ጠበል መሰልኩዎት እንዴ?”

እንደ ሌላ ጊዜው አልሳቁም። “የታምሬ ነው። ያ ረጅሙ ልጅ፣ አምና ዘፈን የጫንክለት።”

“እሱስ?”

“እዚያው መፋዛ፣ እርሻው ላይ ቀበርነው።”

እንደነገሩኝ፣ እህል የሚያመጣላቸው ሎሪ በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ላይ ቀረ። ባለ እርሻው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለዘር ያስቀመጠውን ዱራ እየቀቀለ ከእነሱ ጋር በልቷል። ታምሬን ግን በዚያ በተራበ አካሉ ላይ ወባ ያዘው። ቄስ ስላልተገኘ ያለ ፍትሐት ተቀበረ።

“እናቱ አልሰማችም” አሉ አያ አስናቀው። “መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይዞ በማለዳ የሚገባላት ሰው ያስፈልጋል። ሸህዲ ከተማ ጋረደው የሚባል አጎት አለኝ ይል ነበር። ቁጥሩ እዚህ ውስጥ ነው።”

ሲም ካርዱን አውጥቼ በራሴ ስልክ ሞከርኩት፤ ምንም ስም አልተመዘገበበትም። መልሼ ከተትኩትና የማብሪያውን ቁልፍ ተጫንኩ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። በሕይወት አለ ማለት ነው። የእጅ ባትሪ በአግድም ሳበራበት፣ ከኩሬ ሥር ያሉ የሚመስሉ ደብዛዛ ፊደሎች ታዩኝ። የጠፋው ከኋላ የሚያበራው መብራት ነው።

ይህንን ላስረዳቸው ስል ስልኩ ጮኸ። በባትሪው አየሁት፤ “እምዬ” ይላል።

“እናቱ ናት” አልኩ።

“እንዳታነሳው!”

ልዘጋው ስል ሳላየው ማንሻውን ነካሁ። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበርና የሴት ድምፅ ጠረጴዛውን ሞላው።

“ታምሬ! ምነው ዝም አልክ? ስደውል ስደውል!”

አያ አስናቀው ተነሥተው ቆሙ። “ታምሬ አይደለሁም እቴ። አስናቀው ነኝ፤ አብሮት የሚሠራው” አሉ።

“አያ አስናቀው! ስምዎን እኮ ሁሌ ያነሳልኛል። እሱስ?”

“ስልኩ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሠሪ ዘንድ ይዤው መጥቼ ነው።”

“ደኅና ነው?”

“እግዜር ይመስገን።”

“እዚያ እህል የለም ሲሉ እንቅልፍ አጣሁ። ይበላል? እውነቱን ይንገሩኝ።”

አያ አስናቀው ጨርቁን በእጃቸው ጨመደዱት።

“አሁንስ አይርበውም” አሉ።

“እሰይ! ተመስገን! ሲሠራለት ይደውልልኝ ይበሉልኝ።”

ስልኩ ተዘጋ። “ዋሸሁ?” አሉኝ። ከሌላ የተበላሸ ስልክ ስክሪን ነቅዬ መግጠም ጀመርኩ።

ሲበራ መጀመሪያ የታየው ታምሬ ራሱ ነው። የሰሊጥ ነዶ ተደግፎ ይስቃል፤ ጉንጩ ሙሉ ነው። አያ አስናቀው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። የጋረደውን ስም ፈልጌ ደወልኩና ሰጠኋቸው።

አጎትየው ሁሉንም ሳያቋርጥ ሰማ። ከዚያ የተናገረው ለእኔም ይሰማ ነበር።

“አሁን እኮ ደውላልኝ ነበር። ልጄ ጠግቧል አሉኝ እያለች እልል ስትል። ይህን እንዴት አድርጌ ነው ከአፏ የምነጥቃት?”

“እኔ ነኝ ያልኳት” አሉ አያ አስናቀው።

አጎትየው፣ “ይሁን። ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዤ እገባለሁ” አለና አለቀሰ።

ስልኩን መልሰው ሳያስቀምጡት ዳግመኛ ጮኸ። አሁን የእጅ ባትሪ አላስፈለገም፤ ስሙ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አያ አስናቀው ፊደል አይለዩም።

“እሷ ናት?”

ራሴን ነቀነቅሁ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

“ተዋት። ዛሬን እንኳ ጠግቦ ይደርላት።”

ጨርቁን ዘርግተው ስልኩን ጠቀለሉት። ብርሃኑ በስሱ ጨርቅ አልፎ ይታይ ነበር፤ ጩኸቱ እስኪያበቃ ድረስ ሁለታችንም ተቀምጠን አየነው።