ታች ያለው አልጋ

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው የአውቶቡስ መሪ ይዞ ነው። ተሳፋሪ "ገና ነው እንዴ?" ብሎ በጠየቀው ቁጥር "ደርሰናል፤ ያቺን ጉብታ ማለፍ ብቻ ነው" ይላል። ከጉብታዋ ጀርባ ሌላ ጉብታ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ ይመጣል። ከዚህ የተነሣ ባልደረቦቹ "ደርሰናል" የሚል ስም አወጡለት፤ እሱም ሳይከፋው ተቀበለው። በክፋት አልነበረም የሚዋሸው። ተስፋ የቆረጠ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል ብሎ ያምን ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ከባለቤቱ ጋር ሆነው ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን ገዙ። ታች አራት ክፍል፣ ላይ አምስት፣ ግቢው መሀል የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከር። ቅንጦት የላትም፤ ግን ርካሽ ስለሆነች ነጋዴውም፣ ተማሪውም፣ ለሕክምና የመጣውም ያርፍባታል። ቤቷን ቀጥ አድርጋ የያዘቻት ሚስቱ ነበረች። አንሶላ የምትቀይረው፣ ፓምፑ ሲያኮርፍ ሠራተኛ የምትጠራው፣ የማይገጥመውን በር የምታስጠግነው እሷ ናት። እሱ በረንዳው ላይ ወንበሩን ስቦ እንግዳ ያጫውታል። ለጨዋታ ማን ብሎት።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሚስትየው የአንሶላ ክምር ታቅፋ ከፎቅ ስትወርድ፣ ጠርዙ የተሸረፈው ደረጃ ከዳት። እግሯ ተሰበረ። ሐኪሞቹ በጀሶ አሰሩላትና እንዳትንቀሳቀስ አስጠነቀቋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ በባልየው እጅ ወደቀ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎት ነበር። "ያን ሁሉ ሰው ጭኜ በገደል አፋፍ የነዳሁ ሰውዬ፣ ዘጠኝ ክፍል ያቅተኛል?" አላት።

እሷም ከተኛችበት ቀና ብላ አየችውና "ተሳፋሪ እኮ ሲደርስ ይወርድልሃል" አለችው።

እውነቷን ነበር። ላይ ቤት ያረፉት ሁለት ተማሪዎች ሳሙና ተቀብተው ሳለ የሻወሩ ውሃ ጥርቅም አለባቸው። ጫማ ነጋዴው የተሰጠው ፍራሽ መሀሉ ሰርጉዶ ኖሮ "ጉድጓድ ውስጥ ነው ያሳደርከኝ" እያለ ወገቡን ይዞ ወጣ። አንዲት ሙሽራ የክፍሏ መቀርቀሪያ አልይዝ ቢላት ባሏን ከነሻንጣው በሩ ላይ አስደግፋ ልብሷን ቀየረች፤ ከዚያም ሁለቱም ተያይዘው ሌላ ቤት ፍለጋ ሄዱ። ለሁሉም የሰውየው መልስ አንድ ነው፤ "ነገ ይስተካከላል።" ሙቅ ውሃ ሲጠይቁት ደግሞ "አሁን ይለቀቃል" ይላል። አንደኛው ተማሪ "የአባባ ሙቅ ውሃ ላም አለኝ በሰማይ ናት" ብሎ ሲተርትበት ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሆዱ ግን ተነካ። ነገሩ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። ፓምፑን ማን እንደሚሠራው፣ የትኛው አንሶላ ታጥቦ የትኛው እንዳልታጠበ የምታውቀው ሚስቱ ናት። ሄዶ ቢጠይቃት "አቅቶኛል" ማለት መሰለው፤ ያንን ደግሞ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት ስልክ ደወለች።

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች። "ከሩቅ ነው የምመጣው፣ ዓይኔን ልታከም። አንዱን ዓይኔን ቀደው ስለሚያሽጉት ሁለት ሌሊት እዚያው ሰንብቼ ነው የምሄደው። እናንተ ቤት ታች ያለ ክፍል ይኖራል? ደረጃ አልችልም።"

"አለ፣ እህቴ።"

"ውሃስ? ንጽሕና እንድጠብቅ አስጠንቅቀውኛል።"

ሰውየው ተማሪዎቹ ከጎረቤት ቀድተው የሚያመጡትን ጀሪካን እያየ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ሞልቷል! ሙቁም ቀዝቃዛውም" አላት።

ልብስ ሰፊዋ በቀጠሮዋ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ስልሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ ግራ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ታሽጓል። ሰውየው ሲያያት ክው አለ። ታች የቀረችውን አንዲት ክፍል ያን ዕለት ጠዋት ለጫማ ነጋዴው አፉን ማዘጊያ ሰጥቷት ነበር።

"ለዛሬ ላይ ይሁንልኝ፤ ነገ ይስተካከላል" አላት።

ሴትየዋ ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። እሱ ሻንጣዋን ይዞ ሲቀድም፣ እሷ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች፣ እግሯን እየፈተነች ወጣች። ክፍሉ ውስጥ ቧንቧውን ስትከፍተው ፉጨት ብቻ ወጣ።

"አሁን ይለቀቃል" አላት።

"እሺ" አለች።

በማግሥቱ ጠዋት እንደዚያው ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደችና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ገና አንድ ሌሊት ይቀርሽ የለም እንዴ?"

"ይበቃኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ" አለችና ሄደች።

ሰውየው እፎይ አለ። ይህችስ እንደሌሎቹ አልጮኸችበትም። ሻይ ይዞ ሚስቱ ዘንድ ሲገባ ግን ሚስትየው በመስኮቷ ስትመለከት አገኛት።

"ያቺ ዓይኗ የታሸገ ሴት የት ሄደች?"

"ወጣች። ጨዋ ሴት ናት፤ አመስግና ነው የሄደች።"

"ቀኗ ሳይደርስ?"

"አዎ።"

"አንተ ሰውዬ" አለች ሻዩን ሳትቀበለው፤ "የሚጮኽብህ እንግዳ እኮ እንድታሻሽልለት ነው የሚጮኸው፤ ነገም ይመጣል። አመስግኖ ቀድሞ የሚወጣው ነው የማይመለሰው።" ከዚያ በጀሶ የታሰረውን እግሯን አየች፤ ድምፅዋም ዝቅ አለ። "ደግሞ በዚያ ደረጃ ነው በአንድ ዓይኗ ያስወጣሃት?"

ሰውየው ሻዩን አስቀመጠ፣ ኮቱን ደረበ፣ ወጣ።

የዓይን ክሊኒኩ ከመናኸሪያው ማዶ ነው። ልብስ ሰፊዋ ኮሪደሩ ውስጥ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሻንጣዋን በእግሮቿ መሀል አድርጋ ተቀምጣለች። ፋሻው የሚነሣላት በማግሥቱ ነበር፤ እሷ ግን "ዛሬ ካነሣችሁልኝ ወደ ቤቴ ልሂድ" ብላ ለምና ተራ ይዛለች።

አጠገቧ ተቀመጠ። ማን መሆኑን ስትለይ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"ረስቼው የሄድኩት ነገር አለ?"

"የለም። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ምን እንዳስከፋሽም ንገሪኝ፤ ቤቴ ውስጥ ዝም አልሽኝ።"

"ምን ልበልህ? ባይከፋኝ ኖሮ አልወጣም ነበር።" መሐረቧን አጠፈች፣ መልሳም ዘረጋችው። "ውሃ ስለሌለ አይደለም የከፋኝ። የእኔም ሰፈር ውሃ ይጠፋል። የለም ብትለኝ እኮ ሲሆን በጀሪካን አስቀድቼ፣ ካልሆነም የሚሆነኝን ቤት ፈልጌ አርፍ ነበር። አለ ስላልከኝ ነው መላው የጠፋብኝ። ሌሊቱን ቧንቧው ይመጣል ብዬ ሳዳምጥ አደርኩ። ደረጃውንም እንዴት እንደምወርደው ሳስብ።"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነበር እኮ።"

"ለእኔ ብለህ ነው?" አለች፤ በቁጣ ሳይሆን በእርግጥ ለማወቅ እንደፈለገ ሰው።

ሰውየው ስንት ጊዜ ስንቱን ተሳፋሪ "ደርሰናል" እንዳለው ትዝ አለው። ልጅ ያቀፈች እናት፣ ሽንት የያዘው ሽማግሌ፣ ዘመድ የታመመበት። አንዳቸውም በዚያ ቃል ቀድመው አልደረሱም።

"ለራሴ ነው መሰለኝ" አላት በመጨረሻ። "ሰው ፊት ለፊቴ ሲከፋው ማየት አልችልም።"

"እሱስ ደግ ልብ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ምላስህን ብቻ ግታው።"

ተራዋ ደረሰና ነርሷ ጠራቻት። ሰውየው ሻንጣዋን ይዞ ጠበቃት። ስትወጣ ፋሻው ተነሥቷል፤ ዓይኗ ቀልቶ እንባ አርግዟል፤ ግን ያያል። ኮሪደሩን፣ መስኮቱን፣ ከዚያም እሱን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተችው።

"ሳይህስ ውሸታም አትመስልም" አለችው። ሁለቱም ሳቁ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኛት፤ ከሾፌሩ ጀርባ ብዙ የማያንገጫግጨውን ወንበር መርጦ አስቀመጣት። ተመልሳ እንድትመጣ አልለመናትም፤ ምንም ቃልም አልገባላት።

ቤቱ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ሚስቱ ዘንድ ገባ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "አቅቶኛል" አላት። "ከየት እንደምጀምር አላውቅም። አንቺ ንገሪኝ።"

ሚስትየው "ይህቺን ቃል ለማውጣት እግሬ መሰበር ነበረበት?" አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ትራሷን አስደግፎ እንዲያቀናት አዘዘችውና ስትነግረው አመሸች። የፓምፕ ሠራተኛው ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው፣ ግን ከምሳ በኋላ አይገኝም። የሁለት ክፍሎች ፍራሽ ዕድሜው አልፏል፤ አይጠገንም፣ ይጣል። ከሁሉ በፊት ግን ደረጃው።

በማግሥቱ ጠዋት እንግዶቹ ሳይበታተኑ ግቢው ውስጥ ሰበሰባቸው። አውቶቡስ ተበላሽቶ ተሳፋሪ ሲያስወርድ እንደነበረው ቆመ፤ የዛሬው ንግግሩ ግን ሌላ ነው።

"ላይ ቤት ውሃ የለም። ነገም አይኖርም፤ ፓምፑ ተቃጥሏል። ደረጃው ስለሚጠገን ላይኛውን ክፍል ሁሉ እዘጋለሁ። ታች ውሃ በባልዲ ነው። መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ ገንዘቡን እመልሳለሁ፤ አልቀየምም። የዋሸኋችሁን ይቅር በሉኝ።"

ሦስት እንግዶች ሻንጣቸውን አንሥተው ሄዱ፤ አንዱማ በሩ ጋ ዞሮ "ይህንን ትናንት አትነግረንም ነበር?" ብሎት ወጣ። ተገቢ ነው ብሎ ተቀበለው። ጫማ ነጋዴው ግን ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና "እኔ ሰፊ ክፍል ይዣለሁ፤ ልጆቹ አልጋቸውን አውርደው እኔ ጋ ይግቡ" አለ። ተማሪዎቹም እሺ አሉ። "የሚያንኮራፉ ከሆነ ግን አሁኑኑ ይንገሩን" አለው ተራቹ ልጅ፤ "በዚህ ቤት ከእንግዲህ መዋሸት ተከልክሏል።"

ሥራው እንደታሰበው ቶሎ አላለቀም። ግንበኛው ደረጃውን አፍርሶ በሲሚንቶ አዲስ አድርጎ ሠራው፤ ብየዳ ሠራተኛው ከላይ እስከ ታች የብረት መደገፊያ ገጠመለት። ፓምፑ ተጠገነ፣ ደግሞ ተበላሸ፣ ደግሞ ተጠገነ። ሚስትየው ጀሶው ሲፈታላት በክራንች እየተደገፈች ወጣችና መደገፊያውን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ንቅንቅ አላለም። "ሥራ ማለት ይህ ነው" አለች፤ ባልየውም የዚያን ዕለት ቀኑን ሙሉ በደስታ ሲያፏጭ ዋለ።

ስልክ ሲደወል አሁን የሚመልሰው ሌላ ነው። "ሙቅ ውሃ ጠዋት ብቻ ነው። መንገዱ ዳር ያለው ክፍል የመኪና ድምፅ አለው። የግቢው ዳር ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ጠባብ።" አንዳንዱ አመስግኖ ይዘጋል። ከሚያስበው በላይ ብዙው ግን "እንግዲያው ጸጥተኛውን ያዝልኝ" ይለዋል።

አንድ ቀን የሚያውቀው ለስላሳ ድምፅ በስልኩ መጣ።

"ሁለተኛውን ዓይኔን ሊያዩልኝ ቀጥረውኛል። ታች አልጋ አለ?"

"አንድ አለ። ውሃ አለው። የመስኮቱ መጋረጃ ግን አጭር ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባል።"

"እኔ ምን ሠራተኛ ነኝ?" አለችው ልብስ ሰፊዋ። "መጋረጃውን ለእኔ ተወው።"

ስትመጣ ቁልፉን እጇ ላይ አደረገላት። በማግሥቱ ጠዋት በረንዳው ላይ እሷና ሚስቱ ሻይ ሲጠጡ አገኛቸው፤ ስለ እግርና ስለ ዓይን ሐኪም ይጫወታሉ። ልብስ ሰፊዋ እሱን ስታይ ፊቷን ቋጠር አደረገች።

"እንቅልፌ ጥሩ ነበር፤ ትራስህ ግን ድንጋይ ነው። አንገቴን ገትሮኛል።"

ሰውየው በሕይወቱ ወቀሳ እንደዚህ ጣፍጦት አያውቅም። "ለስላሳ የለኝም" አላት፤ "ዛሬ ገበያ ሄጄ ነው የምገዛው።"

"እንግዲያው ሁለት ግዛ" አለች ሻይዋን ፉት እያለች። "በሚቀጥለው ጊዜ እህቴን ይዣት እመጣለሁ። እሷ ደግሞ እንደ እኔ ዝም የምትል እንዳትመስልህ።"

ሚስትየው ሳቀች። ሰውየው ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ ገበያው እስኪከፈት ጥቂት ይቀረው ነበር፤ እሱ ግን የገበያው በር ላይ ቆሞ መጠበቁን መረጠ።