ከለቅሶ መልስ ሲኒማ

ከለቅሶ ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ሉሴና ከተማ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ሟች ይከተላላ! ሰው ወይ ገበያ ይዞራል፣ ወይ ፓንሲት ቤት ገብቶ አንድ ሰሃን ኑድል ይበላል፤ የተከተለውን እዚያ አራግፎ ነው የቤቱን ደጅ የሚከፍተው። ሳያራግፍ የገባ እንደሆነ ዓመት ሳይሞላ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይጎድላል ይባላል። እስቲ ልሞክረው ያለ ደግሞ እስከዛሬ አልተሰማም። ማን ሞኝ አለ?

ጆቬሊን ይህን ሁሉ ታውቃለች። ያሳደገቻት አያቷ ሎላ ኢሲያንግ እንዲህ ባለው ነገር ቀልድ አታውቅም ነበር። ጆቬሊን በስድስት ዓመቷ ወንዝ ዳር ደንግጣ ትኩሳት ሲይዛት አያትየው ማታውኑ ወንዙ ድረስ ሄዳ «ጆቬሊን፣ ነይ እንሂድ» እያለች ሦስት ጊዜ ጠርታለች። የደነገጠ ሰው ነፍሱ እዚያው ትቀራለች፣ ካልጠሯት አትመጣም ብላ። በነጋታው ትኩሳቱ ለቀቃት። እንግዲህ ጆቬሊን ያጠፋችው ባለማወቅ አይደለም።

የሞተው ሮልዳን ነው። ሰባት ዓመት እጮኛዋ የነበረው፣ ከዚያም አንድ ማክሰኞ በስልክ መልእክት «ይቅርታ፣ አልችልም» ብሎላት የጠፋው ሮልዳን። ሰባት ዓመት በሁለት ቃል! በአራተኛው ወር ሌላ አገባ። ለምን እንደሄደ አልነገራትም፣ እሷም ኩራቷ ይዟት አልጠየቀችም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን ሌሊት ስትገላበጥ የምታስበው ያንኑ «ለምን» ነበር። በኋላ ፍሪጅ ጠጋኙ ኢስኮ መጣ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ እጁ ሁልጊዜ ቅባት ቅባት የሚል፣ ጨዋ ሰው ነው። ሠርጋቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሙሽራ ደግሞ ለቅሶ ቤት ድርሽ አትልም።

«ምን ቀረሽ እዚያ?» አለቻት ጓደኛዋ ቴቺ። «እኔ ሄጄ ሞቷል አልሞተም ብዬ ልነግርሽ እችላለሁ።»

«ማየት አለብኝ፣ ማሬ» አለች ጆቬሊን፤ ሉሴና ውስጥ ሴት ጓደኛሞች እንዲህ ይጠራራሉ።

«ማሬ እያልሽ አታባብይኝ! ፈቃድ የምትጠይቂኝ ንስሐ አባትሽ መሰልኩሽ እንዴ? ተነሺ በይ፣ ብቻሽን አልሰድሽም።»

ለቅሶ ቤቱ እንደማንኛውም ለቅሶ ቤት ነበር። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ የተጠበሰ የሐብሐብ ፍሬ በጥርሳቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ፣ ሚስቱ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰው እኩል ታያለች። ቴቺ በክርኗ ነካ አድርጋ «እንባሽ የሣጥኑ መስታወት ላይ እንዳይወርድ፣ ወደ ሰማይ አያስወጣውም» ብላ አንሾካሾከች። አልወረደም፤ እንባ የሚባል ነገር አልመጣላትም። በመስታወቱ ውስጥ አፉን ብቻ ነበር የምታየው። የምትፈልገው መልስ ያለው እዚያ አፍ ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ቀብር አስፈጻሚዎቹ አሳምረው ዘግተውታል።

ሲወጡ ማንም አልሸኛቸውም፤ ከለቅሶ ቤት አይሸኝም።

«ፓንሲት እንብላና እዚያ አራግፈነው እንሂድ» አለች ቴቺ።

«ሲኒማ እንግባ።»

«የቱ ሲኒማ?» ቴቺ ቆመች። «ኤስትሬያ? ማሬ፣ አብዳችኋል እንዴ አንቺና ሟቹ? ሰውዬው እኮ ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ነው!»

እውነቷን ነው። ሰባት ዓመት በሙሉ ቅዳሜ ከሰዓት ጆቬሊንና ሮልዳን ኤስትሬያ ሲኒማ ነበሩ፤ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ። የሚያዩትም ርዕሱ ቢቀያየርም ያንኑ አገሩ የሚያለቅስበትን ፊልም ነው፦ ይዋደዳሉ፣ ትቷት ይሄዳል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ልጅቷ ደጋ ከተማ ሄዳ ገደል ላይ ቆማ ትጮኻለች፣ በመጨረሻ ሰውየው ተመልሶ ለምን እንደሄደ ይነግራታል፤ እሷም ይቅር ብላው ብቻዋን መንገዷን ትቀጥላለች። ሮልዳን የሐብሐብ ፍሬውን እየቀረጠፈ ተዋናዩ ከመናገሩ በፊት ንግግሩን በጆሮዋ ያንሾካሹክላት ነበር። አንዴም ስቶ አያውቅም። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ የመጨረሻው ስም ከሸራው ላይ ካልጠፋ ንቅንቅ አይልም። «ለፍተዋል እኮ፣ ስማቸው ይነበብላቸው» ይላል። እሷም ሁልጊዜ «ተነስ በቃ፣ እንሂድ» ትለዋለች፣ ያኔ ይነሳል።

ሰው ሟችን የሚያራግፈው ሟች በማያውቀው ቦታ ነው። ጆቬሊን ግን ማልቀስ ፈልጋ ነበር፣ ለማልቀስ ደግሞ ከዚያ ሌላ ቦታ አታውቅም።

የዘጠኝ ሰዓቱን ፊልም ገቡ። እግሯ ራሱ ወስዶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጣት፤ ቴቺ በቀኟ፣ ግድግዳው በኩል ያለው ወንበር ባዶ። እንደገመተችውም ልጅቷ ስትጮኽ የጆቬሊን እንባ ዱብ ዱብ አለ። ወይ ማልቀስ! ስድስት ዓመት የተጠራቀመው ነው የወረደው። ስሞቹ መውጣት ሲጀምሩ ቴቺ «ፊኛዬ ሊፈነዳ ነው» ብላ ሮጠች፤ ጆቬሊን ዓይኗን እየጠረገች ቀረች። ሰውነቷ ቀልሏታል። ከጎኗ ቀጭ አለ። ሸራው ላይ የመብራት ሠራተኞቹ ስም ይወጣል፣ ከጎኗ እንደገና ቀጭ አለ። እሷም ዞር ሳትል፣ ሳታስብ፣ እንደ ድሮዋ፦

«ተነስ በቃ፣ እንሂድ» አለች።

የኤስትሬያ ወንበሮች ሰው ሲነሳባቸው ራሳቸው የሚታጠፉ ናቸው። ግድግዳው ጥግ ያለው ወንበር ጧ ብሎ ታጠፈ።

ባዶ ወንበር መጀመሪያውኑ ታጥፎ መቆየት ነበረበት።

ለቴቺ ምንም አልነገረቻትም። በር ላይ ተሰናብተው ትራይሲክል ያዘች፤ ሞተሩ ጎን በተቀጠለው ጠባብ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ወደ ጎማው ዞሮ አየና «ዛሬ ምን ነካው፣ ወደ አንድ በኩል ይጎትተኛል» ብሎ አጉረመረመ። ጆቬሊን ወደ ታች ስታይ ጥቁር ቀሚሷ ላይ የሐብሐብ ፍሬ ልጣጭ አለ። አነሳችው። ከአፍ አሁን የወጣ ነው፣ እርጥብ ነው።

ሰፈሯ ጫፍ ላይ ወረደች። ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ቤታቸው ነው፤ ኢስኮ ለሠርጉ የውጭውን በር አረንጓዴ ይቀባል። ሲያያት ብሩሹን አውለበለበ።

«ነይ እንጂ! ምን ያስቆምሻል? ቀለሙን እይልኝ፣ የቁርጠት መድኃኒት መስሏል!»

አንድ እርምጃ ተራመደች። ከኋላዋ አንድ እርምጃ ተሰማ። ቆመች፤ ቆመ። ኢስኮን አየችው፦ ግንባሩ ላይ ቀለም፣ ፊቱ ላይ ሳቅ፣ ዓመት ሳይሞላ ሊጎድል የሚችል አንድ ሰው።

«ረስቼ የመጣሁት ነገር አለ!» ብላ ጮኸችለት። ዞራ እየሮጠች ለቴቺ ደወለች።

«በአፍሽ ጠራሽው?» አለች ቴቺ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱ ጠፋባት። «ተነስ እንሂድ አልሽው? አንቺ ሴትዮ! እንኳን ፓንሲት ቤት ካቴድራልም ብትገቢ በቃ አይለቅሽም፣ ጋብዘሽዋል! ስሚኝ፣ ቤት እንዳትገቢ። ካነሳሽበት ቦታ መልሰሽ አስቀምጪው። እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አያትሽ ብትኖር ታውቅ ነበር።»

የአስራ አንድ ሰዓቱ ፊልም ሊጀምር ሲል ደረሰች። አስተናጋጇ አሊንግ ፓሲንግ ሠላሳ ዓመት እዚያ በር ላይ ቲኬት የቀደደች አሮጊት ናት። የጆቬሊንን አንድ ቲኬት ቀደደችና መጋረጃውን ገለጠችላት። ጆቬሊን ካለፈች በኋላም ወዲያው አልለቀቀችውም፤ አንድ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ያዘችው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳው ጥግ ያለው ወንበር ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ቀጭ። ቀጭ። ግራ ክንዷ ፍሪጅ የተከፈተባት ያህል ቀዘቀዘ። ፊልሙ ያው ፊልም ነው፤ ተዋደዱ፣ ሄደ፣ ዘነበ። ሹክሹክታውም መጣ። ተዋናዩ ሊናገር ሲል አንድ ትንፋሽ ቀድሞ፣ ያው የድሮው ድምፅ፣ ቃል በቃል። አስፈራት፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ደስ አላት።

ከዚያ ሰውየው ተመልሶ የሚመጣበት ቦታ ደረሰ። ተዋናዩ ደጃፉ ላይ ቆመ፣ ልጅቷ ከፈተችለት፣ አፉን ከፈተ። ሹክሹክታው ቀደመ። የፊልሙ ንግግር ግን አልነበረም።

«ጆቪ» አለ። «ያኔ፣ ማክሰኞ ዕለት...»

ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነው። በመስታወቱ ውስጥ ያጣችው አሁን ጆሮዋ ሥር ነው፤ ዝም ብላ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። አንድ ዓረፍተ ነገር። ግን ታውቀዋለች፤ አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ስም ይደርሳል፣ ከዚያ አብረው ይነሳሉ። አረንጓዴው በር ትዝ አላት። የቁርጠት መድኃኒት የመሰለው።

«የሄድኩት እኮ...» አለ ሮልዳን።

«አትንገረኝ» አለች ጆቬሊን። «አትንገረኝ፣ ሮሊ። ፊልምህን እይ።»

ፊልሙ መሃል ላይ ተነሳች። ሰባት ዓመት አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም። ከኋላዋ አንድ ወንበር ጧ አለ፤ የራሷ ነው። ሁለተኛውን እየጠበቀች፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ በጨለማው ደረጃ ወጣች። ሁለተኛው አልመጣም። ስሞቹ ገና አላለፉማ! እሱ ስሞቹ ሳያልፉ አይነሳም፣ ዛሬ ደግሞ ተነስ የሚለው የለም።

መጋረጃውን አልፋ ስትወጣ ግን ግድግዳውን ተደገፈች። እፎይታ የጠበቀችበት ቦታ ባዶ ነው፤ ደረቷን በእጇ ብትነካው ውስጡ ሰው የሌለበት ቤት ሆነባት። አሊንግ ፓሲንግ አየቻትና በርጩማዋን ለቀቀችላት። ጆቬሊን አልተቀመጠችም። ወንዙ ትዝ አላት፣ ትኩሳቱ፣ ነፍሷን የጠራው የሎላ ኢሲያንግ ድምፅ። ወደ ጨለማው ዞረች።

«ጆቬሊን፣ ነይ እንሂድ» አለች።

ምንም የለም። ውስጥ ልጅቷ ሰውየውን ይቅር ትለዋለች።

«ጆቬሊን፣ ነይ እንሂድ።»

አሊንግ ፓሲንግ በደረቷ ላይ አማተበች።

«ነይ እንጂ፣ ጆቬሊን» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፣ እያለቀሰች። «በቃ። እንሂድ ቤታችን።»

ውስጥ፣ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ አካባቢ፣ አንድ ወንበር ጧ አለ። ከዚያ እርምጃ ተሰማ። ጆቬሊን ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች፦ አንድ ሰው ነው፣ ሴት ናት፣ የሁለተኛ ሰው እግር አይሰማም። ስድስት ዓመት ከተቀመጠችበት የተነሳች፣ እግሯ የደነዘዘባት ሴት አረማመድ ነው፤ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን እየያዘች ነው የምትወጣው።

ጆቬሊን አልቸኮለችባትም። መጋረጃውን ገልጣ ያዘችላት።